ትርጉም ያላስፈለገው ትዕይንት

ልጄ የ12 ዓመት ልጅ ሳለች የስፓይደርማን ፊልሞችን ተራ በተራ ታይ ነበር። የመጀመሪያውን ጨረሰች፣ ሁለተኛውን ወደደችው፣ ሦስተኛውን ልትከፍት ስትል እኔ ከወዲያኛው ክፍል ሆኜ «እሱን ተይው፣ የተበላሸ ነው» አልኳት። አመነችኝና ተወችው። ይህን የምጽፈው ያን ቃሌን ለማንሣት ነው። የተናገርኩት የራሴን ፍርድ አልነበረም፤ ከሌሎች አፍ የለቀምኩትን ነበር። ከዚያም የከፋው፣ ያ ፊልም ልቤን የነካበትን ሌሊት ክጄ መናገሬ ነው።

አሜሪካ የገባሁት እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ላይ ነው። ኦሃዮ ውስጥ፣ ክሊቭላንድ አጠገብ፣ በአንድ መጋዘን በሌሊት ፈረቃ ዕቃ እጭን ነበር። ባለቤቴና የ4 ዓመት ልጄ አገር ቤት ቀርተዋል። እንግሊዝኛዬ ከሰላምታና ከቁጥር አያልፍም። አለቃዬ ሲናገር አፉን ሳይሆን እጁን ነበር የማየው፣ ወዴት እንደሚያመለክት።

በሜይ ወር መጀመሪያ «ስፓይደርማን 3» ወጣ። የሥራ ባልደረቦቼ ፊልሙን ለማየት የቸኮሉበት የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ታሪኩ የኒው ዮርክ ቢሆንም፣ ብረት ለበሱ የገንዘብ መኪና የሚዘረፍበት ክፍል የተቀረጸው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በጸደይ ወራት፣ እዚያው ክሊቭላንድ ዩክሊድ ጎዳና ላይ ነበር። የሚያውቁት ሕንፃ ኒው ዮርክ ተብሎ ሲታይ ለማየት ጓጉተዋል። እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ከጎኔ የተቀመጡት ብዙ ዓመት ቀድመውኝ የመጡ ያገሬ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። መብራቱ ከጠፋ ጀምሮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ እያሉ ይተረጉሙልኝ ነበር። እሳቸው አንዱን ዐረፍተ ነገር ሲጨርሱ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ሦስት ዐረፍተ ነገር አልፎኛል።

ከዚያ የፍሊንት ማርኮ ክፍል መጣ። ማርኮ ከእስር ቤት ያመለጠ ሌባ ነው። የታመመች ትንሽ ልጅ አለችው፣ ገንዘቡንም የሚፈልገው ለእሷ ማሳከሚያ ነው። ፖሊስና ውሻ እያባረሩት አጥር ዘልሎ፣ ሳያውቅ የሳይንስ ሙከራ የሚካሄድበት ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። መሣሪያው ሲሽከረከር ገላው ከአሸዋው ጋር ይፈጫል። ከዚያ ይነጋል።

ሲነጋ ማንም አይናገርም። ስክሪኑን የሞላው አሸዋ ብቻ ነው፤ ካሜራው በጣም ከመቅረቡ የተነሣ እያንዳንዷ ቅንጣት ድንጋይ አክላ ትታያለች። አንዷ ትንከባለላለች፣ ሌላዋ ትከተላታለች። ክምሩ ውስጥ ውስጡን ይላወስና ጉብ ይላል፤ ትከሻ የሚመስል ነገር ይወጣና መልሶ ይናዳል። እንደገና ይነሣል፣ እንደገና ይፈርሳል። አጠገቡ የልጁ ፎቶ ያለበት የአንገት ጌጥ ወድቋል። እጅ ያበጅና ሊያነሣው ይዘረጋል። ጣቶቹ ሲነኩት ይበተናሉ፤ ጌጡ በመዳፉ ውስጥ አልፎ ይወድቃል። ያን ጊዜ ፎቶውን ያያል። ያለውን ኃይል ሁሉ አሰባስቦ እንደ ሰው ለመቆም የቻለው ፎቶውን ካየ በኋላ ነው።

ጋሼ ትርጉሙን አቆሙ፤ የሚተረጎም አልነበረማ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሌላው ተመልካች እኩል ሆኜ የተቀመጥኩት ለእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። የኪስ ቦርሳዬን በሱሪዬ ላይ በእጄ ይዤ እንደነበር የታወቀኝ ትዕይንቱ ካለቀ በኋላ ነው። የልጄ ፎቶ በውስጡ ነበር።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሁሉም በፊልሙ ይስቁ ነበር። «ምኑ ነው የተበላሸው?» ብዬ ጋሼን በአማርኛ ጠየቅኳቸው። «ጠላት አብዝተው አጨቁበት፤ ያ መንገድ ላይ የሚጨፍረውስ ምን የሚሉት ነው?» አሉኝ። የአሸዋውን ሰውዬ ማንም አላነሣም። እኔም አላነሣሁትም።

እንግሊዝኛዬ እያደገ ሲሄድ ስለዚያ ፊልም የሚባለውን እያነበብኩ መረዳት ጀመርኩ። የሚባለው በአብዛኛው ንቀት ነበር። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ወሬው ስለ ጀግና ፊልሞች ሆነ፤ እኔም «ሦስተኛው ስፓይደርማን እኮ ተበላሸ፣ ቬኖም የሚባለውን ጠላት ያለ ቦታው አስገቡት» አልኩ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከነምክንያቱ። ሁሉም «እውነትህን ነው» አሉኝ። በዚያ አገር ሐሳብ ሰጥቼ ሰው ሲስማማልኝ የመጀመሪያዬ ነበር። የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። አዲስ የመጣ ሰው ቋንቋውን ሲማር አብሮ የሚማረው ምን እንደሚወደድና ምን እንደሚናቅ ነው። እኔም ተማርኩ፤ ደጋግሜም አልኩት፤ በመጨረሻ ለልጄ አስተላለፍኩት።

ፊልሙ በገንዘብ ረገድ አልወደቀም። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በአሜሪካ ብቻ 151 ሚሊዮን ዶላር አስገብቶ የዚያን ጊዜውን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዓለም ዙሪያ ደግሞ ከ890 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ። የዳይሬክተሩ የሳም ራይሚ ሦስት የስፓይደርማን ፊልሞች ሲነጻጸሩ ከፍተኛውን ገቢ ያስገኘው እሱ ነው። ግን ሰው ተከፋፈለበት፣ አራተኛው ፊልምም በ2010 ተሰረዘ። ራይሚ ራሱ ከዓመታት በኋላ በሰጠው ቃለ ምልልስ በሥራው እንዳልረካ ተናግሯል። ቬኖምን ያስገባው ወዶት ሳይሆን ፕሮዲዩሰሩ አቪ አራድ አድናቂዎች እየጠበቁት ነው ብሎ ስለገፋፋው ነው።

በ2021 ከወጣው ሌላ የስፓይደርማን ፊልም ውስጥ የአሸዋው ሰው ተመልሶ መጣ። ልጄ 18 ዓመቷ ነበር። በዚያ ፊልም ማርኮ የሚለው ልጄን ማየት እፈልጋለሁ ነው። «አባዬ፣ ይቺ ልጁ ማን ናት?» አለችኝ። ታሪኳ ያለው እንዳታየው ባስተውኳት ፊልም ውስጥ ነበር። «አንድ ቀን እናየዋለን» ብዬ አለፍኩት።

ያ ቀን በኤፕሪል 2024 ደረሰ። የፊልሙ ኩባንያ ኮሎምቢያ ፒክቸርስ 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር የስፓይደርማን ፊልሞች በየሰኞው እንደገና ሲኒማ ቤት ገቡ። የሦስተኛው ተራ ሲደርስ ልጄ ሁለት ቲኬት ቆርጣ ጠበቀችኝ።

ጉድለቱ ዛሬም እዚያው አለ። የስፓይደርማንን ልብስ የሚያጠቁረው፣ በኋላም ቬኖምን የሚፈጥረው ጥቁሩ ነገር ከሰማይ ሲወድቅ ከዓለም ሁሉ መርጦ ፒተር ፓርከር፣ ማለትም ስፓይደርማን፣ አጠገብ ያርፋል። የፒተር ጓደኛ ሃሪ ኦስቦርን ጭንቅላቱን ተመትቶ ትዝታው ይጠፋል፤ ታሪኩ ሲፈልገው ደግሞ ይመለስለታል። ስለ አባቱ ሞት የሚያውቅ አሽከር ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብሎ ኖሮ መጨረሻ ላይ ብቻ አፉን ይከፍታል። ቶፈር ግሬስ የሚጫወተው ኤዲ ብሮክ ቬኖም የሚሆነው ፊልሙ ሊያልቅ ሲቃረብ ስለሆነ ለማዘንም ለመፍራትም ጊዜ አይሰጥም። ራይሚ ያላመነበት ክፍል የቱ እንደሆነ ሳይነገረን ይታያል።

የተሳቀበት ጭፈራ ግን እንደተባለው አይደለም። ፒተር ጥቁሩን ልብስ ለብሶ፣ ፀጉሩን በግንባሩ ላይ አውርዶ መንገድ ላይ ሲንጎራደድ የሚያልፉት ሴቶች ይሸሹታል። ፊልሙ ይህን ያውቃል። ለወንድነት ያለው ግንዛቤ የልጅ ግንዛቤ የሆነ ሰው ኃይል ሲያገኝ ምን እንደሚመስል እያሳየን ነው። ከዚያ ወደ ጃዝ ክለቡ ይገባል፣ ፍቅረኛው የነበረችውን ሜሪ ጄንን ለማዋረድ ሌላ ሴት ይዞ ይጨፍራል፣ በግርግሩ መካከልም ሜሪ ጄንን መትቶ ይጥላታል። በ2007 አዳራሹ በጭፈራው ሲስቅ ሰምቻለሁ፤ ስትመታ ግን ሳቁ መቋረጡን አስተውዬ አልነበረም። በ2024 አስተዋልኩ። ሳቁና ጥፊው የአንድ ትዕይንት ሁለት ጫፍ ናቸው። ጭፈራው እየተቆረጠ ለብቻው ሲሰራጭ የኖረው ግን ያለ ጥፊው ነው።

ሌላም ያልያዝኩት ነገር ነበር። ፒተር የአጎቱ የቤን ገዳይ ማርኮ መሆኑ ሲነገረው በምድር ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ያገኘውና ውኃ ለቅቆበት ጭቃ አድርጎ ያስኬደዋል። ገደልኩት ብሎ ያምናል። ከዚያ ወደ አክስቱ ሜይ ሄዶ፣ ስፓይደርማን ማርኮን ገደለው ይላታል። እፎይ እንድትልለት ይጠብቃል። እሷ ግን ትደነግጣለች። ባሏ የተገደለባት ሴት የገዳዩን ሞት ስትሰማ ፊቷ ላይ የሚታየው ሐዘን ነው። ያን ጊዜ ጋሼ ቃሏን ተርጉመውልኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ፊቷን አላየሁም ነበር፣ ጆሮዬን ለእሳቸው ሰጥቼ።

የአሸዋው ትዕይንት ሲመጣ ልጄ ወደ ፊት ዘንበል አለች። የክሪስቶፈር ያንግ ሙዚቃ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ ከአሸዋው ጋር ይነሣል፣ ሲናድም አብሮ ይናዳል። እጁ ተዘርግቶ ጌጡ በመዳፉ ውስጥ ሲያልፍ ግን እኔ የማየው ስክሪኑን አልነበረም። በ2013 አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ቆሜ ነበር። አሜሪካ በገባሁ በስድስት ዓመቴ ነው ባለቤቴና ልጄ የመጡት። የ10 ዓመት ልጅ ሆናለች። እጄን ዘረጋሁላት። የእናቷን ልብስ ይዛ ከኋላዋ ተደበቀች። በስልክ ድምፄን እንጂ እጄን አታውቀውም ነበር። «አባትሽ እኮ ነው» ትላታለች እናቷ፣ ልጄም አንገቷን ደፍታ ቆማለች፣ እጄ እንደተዘረጋ ነው።

ለዚያ ትዕይንት ከዚያች ሰዓት የተሻለ ማብራሪያ የለኝም። ቶማስ ሄይደን ቸርች ማርኮን ሲጫወተው ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ከአካሉ ግዝፈት ጋር የማይሄድ፣ የተሸነፈ ሰው ድምፅ ነው ያለው። ዓለምን መግዛት አይፈልግም፣ ማንንም አይጠላም። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እሱንም ለማግኘት የሄደበት መንገድ ሁሉ ከልጁ አራቀው። አንድ ዓይነት ሰው ይህን ሲያይ ደካማ ጠላት ነው ሊል ይችላል። በጀግና ፊልም ውስጥ ካየኋቸው ጠላቶች ሁሉ የማምነው እሱን ነው።

መጨረሻ ላይ ማርኮ ለፒተር ያወራዋል። የቤንን መኪና ለመውሰድ ሽጉጥ ደግኖ ነበር፤ ቤን እንዲተወው ሲመክረው ግብረ አበሩ ከኋላ ሮጦ መጥቶ ሲነካው ጥይቱ ባረቀ። ይቅርታ አይለምንም፤ እንዲረዳው ብቻ ይፈልጋል። ቶቢ ማጓየር፣ ማለትም ፒተር፣ እያለቀሰ ይቅር ይለዋል። ማርኮ አሸዋ ሆኖ በነፋሱ ይሄዳል። አይታሰርም፣ አይሞትም። ይህን ያህል ወጪ በወጣበት ፊልም ውስጥ ዋናው ጠብ የሚያልቀው በይቅርታ ነው። ሰው የጠበቀው ድል ነበር፤ ቅሬታው ሁሉ ከቬኖም የመጣ አይመስለኝም።

ከአዳራሹ ስንወጣ ልጄ ለተወሰነ ጊዜ ዝም አለች። ቆይታ «አባዬ፣ ልጅቷ ዳነች?» አለችኝ።

«ፊልሙ አይናገርም።»

«ገንዘቡንስ?»

«ባዶ እጁን ነው የሄደው።»

«ለምንድን ነው ታዲያ ያኔ እንዳላየው ያደረግኸኝ?»

ነገርኳት። ስለ ጋሼ ትርጉም፣ መኪናው ውስጥ ስለተሳቀው ሳቅ፣ በዕረፍት ሰዓት «እውነትህን ነው» ስለተባልኩበት ቀን ነገርኳት። ስለ አውሮፕላን ማረፊያው አላነሣሁም፤ እሷም አላነሣችም። በሩ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«ያኔ ፊልሙን ስታየው የኔ ፎቶ ነበረህ?»

የኪስ ቦርሳዬን አውጥቼ ሰጠኋት። ፎቶውን ከፕላስቲኩ ውስጥ ቀስ ብላ ሳበችው። ጠርዙ ተልጧል፣ አንደኛው ጥግ ነጭ ሆኗል፤ ፊቷ ግን ደህና ነው። ከመግቢያው መብራት ሥር አስጠግታ ረጅም ሰዓት አየችው።

«ይህን ቀሚስ አላስታውሰውም» አለች። መኪናው ጋ እስክንደርስ ፎቶው በእጇ ነበር።