ከአዳማ ግቢ በር ሆኜ የወደብ ጥበቃን ስማር፦ የስምንት ወር ማስታወሻ

ባለፈው ሐምሌ ከጅቡቲ የመጣ ባለ 40 ጫማ ኮንቴነር አዳማ ያለው የመጋዘን ግቢያችን ገባ። ተረኛው የፈረቃ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። በሩ ላይ የታሰረውን የማሸጊያ ቁልፍ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አስተያየሁት። ልክ ነው። ማሸጊያውም አልተነካም። ፈርሜ አስገባሁ። በማግስቱ ሲራገፍ 14 ካርቶን ጎደለ።

ግማሽ ቀን ማሸጊያውን ስናገላብጥ ዋልን። ምንም የለውም። ከሰዓት በኋላ ለሌላ ሥራ የመጣ ብየዳ ሠራተኛ በሩን አየት አድርጎ፣ "ይሄ እጀታ ተፈትቷል" አለን። እጀታውን ከበሩ ጋር የሚያያይዘው ሪቬት፣ ማለትም ተቀጥቅጦ የሚቀረው ምስማር፣ ተነቅሎ በቦታው ብሎን ገብቷል። ላዩ ላይ የኮንቴነሩን ዓይነት ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ተላጠ። ሌቦቹ ማሸጊያውን ጭራሽ አልነኩትም። እጀታውን ከነማሸጊያው ፈትተው በሩን ከፍተዋል፤ ከዚያ መልሰው ገጥመውታል።

አዳማ ውስጥ በር ላይ ከቆምኩ ስድስት ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት "እጀታውንም ንካው" ብሎ ያሳየኝ ሰው አልነበረም። እኔም አብረውኝ ለሚጠብቁት ልጆች አላሳየሁም። በጣም የቆጨኝ ይሄ ነው። እኛ የምንጠብቀው ዕቃ ከባሕር ወደብ የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ ወደቦች ጠባቂዎቻቸውን እንዴት እንደሚመድቡና እንደሚያሠለጥኑ ልማር ብዬ ተነሳሁ። በዚሁ ሥራ ላይ ላላችሁ ይጠቅማል ብዬ እስካሁን የደረስኩበትን እነሆ።

መስከረምና ጥቅምት፦ ሕጉን ማንበብ

የወደብ ጥበቃ ዋናው መመሪያ አይ ኤስ ፒ ኤስ ኮድ ይባላል። የመርከቦችና የወደብ ተቋማት ጸጥታ ደንብ ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2002 አጸደቀው፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2004 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። የመስከረም 2001ዱ የኒውዮርክ ጥቃት ነው ያፋጠነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ኤደን ወደብ ላይ የቆመችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ኮል በፈንጂ ጀልባ ተመትታ ነበር።

ደንቡ እኛን አያስገድድም። የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ጉዞ ያላቸውን መርከቦችና እነሱን የሚያስተናግዱ ወደቦችን ነው። አዳማ ላይ ያለ መጋዘን ወደብ አይደለም። ቢሆንም ሳነበው ብዙ ቦታ ላይ የራሴን ግቢ አየሁበት።

መጀመሪያ ያስገረመኝ የሥልጠናው አከፋፈል ነው። ሠራተኛውን በሦስት ይከፍለዋል። አንደኛው የወደብ ተቋሙ የጸጥታ ኃላፊ ነው፤ ስጋቱን የሚገመግም፣ ዕቅዱን የሚያወጣና የሚያስፈጽም። ሁለተኛው ቀጥታ የጥበቃ ሥራ ያለው ነው። ሦስተኛው የቀረው ሰው ሁሉ ነው፦ ክሬን ነጂው፣ ጸሐፊዋ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ። እነሱም የራሳቸው የግንዛቤ ትምህርት አላቸው። እኛ ጋ ጥበቃ የጠባቂ ሥራ ብቻ ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው።

ጠባቂው ማወቅ ያለበት ተብሎ ከተዘረዘረው ውስጥ ደግሞ አንድ መስመር አስቆመኝ። "የጸጥታ እርምጃዎችን ለማለፍ የሚጠቀሙባቸውን ዘዴዎች ማወቅ" ይላል። የኔ ሪቬት እዚያ መስመር ውስጥ አለ። ቁልፉን ማየት ብቻ አይበቃም። ቁልፉን ሳይነኩ እንዴት እንደሚገቡ ማወቅም የሥራው አካል ነው።

ኅዳር፦ እጅን ማስለመድ

ይሄን ወር ኮንቴነር ላይ አሳለፍኩት። ፍተሻው ሰባት ቦታ አለው፦ ከሥር ያለው ብረት፣ በሩ ከውስጥም ከውጭም፣ ቀኝ ጎን፣ ግራ ጎን፣ የፊት ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ወለል። ለማሸጊያው ደግሞ አራት ነገር ነው የሚደረገው። ታየዋለህ፣ ቁጥሩን ታመሳክራለህ፣ ትስበዋለህ፣ ትጠመዝዘዋለህ። ድሮ እኔ የማደርገው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ነበር።

ልጆቹን ያስተማርኩት በጨለማ ነው። አዳማ ላይ ሌሊት ነፋሱ ሲነሳ ቆርቆሮው ሁሉ ይንኳኳል፤ አቧራው ዓይን አያስገልጥም። ስለዚህ እጅ መማር አለበት። ባዶ ኮንቴነር ፊት አቁሜያቸው መብራት አጠፋሁ። አንዱን ሪቬት ቀድሜ በብሎን ቀይሬዋለሁ። "በጣታችሁ ፈልጉት" አልኳቸው። የሪቬት ጭንቅላት ክብና ልስልስ ነው። ብሎን ጠርዝ አለው፤ በቀለም ቢሸፈንም ጣት ላይ ይቆጠቁጣል። ከሁላችንም ቀድመው ያገኙት በዕድሜ የገፉት ጋሼ ናቸው፤ ዓይናቸው ደከም ያለ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም በር ሳይዳስስ አይፈርምም።

የኮንቴነሩን ቁጥርም ተማርን። አራት ፊደል፣ ስድስት አኃዝ፣ ከዚያ በሳጥን ውስጥ አንድ መፈተሻ አኃዝ አለው። ያ የመጨረሻው አኃዝ ከፊተኞቹ ተሰልቶ የሚገኝ ነው። አንድ አኃዝ ተሳስቶ ከተጻፈ ሒሳቡ አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ይላል። ስሌቱን አንዱ ልጅ ስልኩ ላይ አዘጋጀው። ወረቀት ላይ 6 እና 8 እየተምታታ ስንት ቀን እንደተጨቃጨቅን ለምታውቁ፣ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

ታኅሣሥና ጥር፦ የሰው ቁጥር

ከሁሉም የከበደኝ ክፍል ይሄ ነው። አብዛኛው ቦታ የሰው ቁጥር የሚወሰነው በግምት ነው። "ለበሩ ሦስት ሰው ይበቃል" ይባላል። ለምን ሦስት? ምክንያቱም 24 ሰዓት ሠርቶ 48 ሰዓት ማረፍ የተለመደ ስለሆነ።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አንድ የጥበቃ ቦታ በሳምንት 168 ሰዓት ሰው ይፈልጋል። ለሦስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 56 ሰዓት ይደርሳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። እዚህ ላይ ገና ማንም ፈቃድ አልወጣም፣ ማንም አልታመመም፣ ማንም ሥልጠና አልገባም።

ከዚያ በዓመት ሠራሁት። 52 ሳምንት በ48 ሰዓት 2496 ነው። ከዚህ ላይ የመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ የሚያገኘውን 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ቀነስኩ። ለበዓል 12 ቀን፣ ለሕመም 5 ቀን፣ ለሥልጠና 6 ቀን ያዝኩ። ድምሩ 39 ቀን፣ ማለትም 312 ሰዓት። የሚቀረው 2184 ሰዓት ነው። ዓመቱ ደግሞ 8760 ሰዓት አለው። ሲካፈል አራት ሰው ይመጣል። አንድ ቦታን ሌሊትና ቀን ለመሸፈን አራት ሰው። ሦስት አይደለም።

እኛ አራት ቦታ አለን፤ ሰው ደግሞ 12። በስሌቱ 16 ያስፈልገናል። ይሄን ወረቀት ይዤ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። አራት ሰው ቅጠር ስለው ሳቀ። ተመልሼ ሌላ ነገር አየሁ፦ የጓሮው በር ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ምን ያስከፍተዋል? በዚያ ሰዓት ምንም መኪና አይገባበትም። ከውስጥ ተቆልፎ ዘዋሪው ጠባቂ እየዳሰሰው ቢያልፍ በዓመት 3650 ሰዓት ይተርፋል። ያኔ 14 ከምናምን ሰው ይበቃል። በዚህ ተስማማን። ሁለት ሰው ተቀጠረ።

ፈረቃውንም ወደ ስምንት ሰዓት ቀየርነው። እዚህ ላይ ልጆቹ ተቆጡ፤ እውነታቸውን ነው። በ48 ሰዓት ዕረፍታቸው ሌላ ሥራ ይሠሩ ነበር። ባጃጅ የሚነዳ አለ፣ ግንባታ የሚውል አለ። በደሞዙ ብቻ ቤት አይቆምም። ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ፈረቃ ሲቀየር ሩቅ ሰፈር የሚኖረው በምን ይሂድ? ለሌሊቱ መቀያየሪያ መኪና እንዲመደብ አስፈቀድን። የሁለተኛ ሥራው ጉዳይ ግን እስካሁን አልተፈታም፤ አንድ ጎበዝ ልጅም በዚህ የተነሳ ለቆብናል። እንዲህም ሆኖ ሐሳቤን አልቀይርም። በ24 ሰዓት ፈረቃ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የቆመው ሰው ዓይኑ ተከፍቶም ተኝቷል። እኔ ራሴ እንደዚያ ቆሜ አውቃለሁ።

ሌላው ነገር የስጋት ደረጃ ነው። ወደቦች ሦስት ደረጃ አላቸው። አንደኛው የዘወትር ነው። ሁለተኛው ስጋት ከፍ ሲል ለተወሰነ ጊዜ የሚታወጅ ነው። ሦስተኛው አደጋው ሊደርስ ነው ሲባል። ዕቅዱ ደረጃው ሲቀየር ምን እንደሚጨመር ቀድሞ ይናገራል። እኛ ይሄን ለበዓል ዋዜማ ተጠቀምንበት። ለገና ሳምንት መጋዘኑ ዘይት ሞልቶ ነበር። "ሁለተኛ ደረጃ" ብለን ለሰባት ቀን በእያንዳንዱ ፈረቃ አንድ ሰው ጨመርን፤ ማን እንደሚጨመርም ስሙ ቀድሞ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር።

የካቲት፦ ልምምድ

የደንቡ መመሪያ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ትንሽ ልምምድ፣ በዓመት አንዴ ደግሞ ሰፊ ልምምድ ይደረግ ይላል። በሁለት ሰፊ ልምምዶች መካከል ከ18 ወር በላይ እንዳይሄድም ያዛል። እኛ ጋ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ልምምድ አልነበረም።

የመጀመሪያውን እንዲህ አደረግን። በቅድሚያ ሥራ አስኪያጁ ፈቀደ። ለጠባቂዎቹም "በዚህ ወር ፈተና ይኖራል፣ የሚመጣው ሰው መሣሪያ የለውም" ብዬ ነገርኩ። ቀኑን ብቻ ደበቅሁ። ጠመንጃ ባለበት ግቢ ሳያስታውቁ መፈተን ሰው ማስገደል ነው፤ እባካችሁ ይሄን እንዳትዘሉ።

የአክስቴን ልጅ አንጸባራቂ ሰደርያ አለበስኩት። ቆብ አደረገ፣ ፋይል ያዘ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ፈረቃ ሲቀየር መጣ። "እንደምን አደራችሁ" አለና በእግር አለፈ። ተረኛው በደንብ ሰላምታውን መለሰለት። ልጁ ኮንቴነር መደዳው ጋ ደርሶ 11 ደቂቃ ቆመ። ማንም "ማን ነህ?" አላለውም። በመጨረሻ የጠየቀችው በሩ አጠገብ ቡና የምታፈላው እህታችን ናት። "ይሄን ልጅ አላውቀውም" ብላ ለዘዋሪው ነገረችው።

ማንንም አልቀጣሁም። ሁላችንም ተቀምጠን ምን እንደተፈጠረ ደቂቃ በደቂቃ አወራን። ተረኛው ራሱ ነው ምክንያቱን ያገኘው። "መዝገብ እየተረካከብኩ ነበር፤ በሩን የያዘው ሰው አልነበረም" አለ። ስለዚህ አሁን የሚወጣው ተረኛ ገቢው መዝገቡን ፈርሞ በሩ ላይ እስኪቆም አይላቀቅም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ሰው ላክሁ። በሩ ላይ ቀረ።

ለጫኝና አውራጆቹም፣ ለቡና አፍዪዋም የ40 ደቂቃ ትምህርት ሰጠን። ደንቡ በሥልጠናው ሦስተኛ ክፍል የሚላቸው እነሱን ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ የአንትወርፕ ወደብን ታሪክ አገኘሁ፤ ደጋግሜ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ። በፈረንጆቹ 2011 እና 2013 መካከል የዕፅ አዘዋዋሪዎች የኮምፒውተር ሰርጎ ገቦችን ቀጠሩ። የኮንቴነሮቹን መረጃ እያዩ፣ ባለቤቱ ሳይደርስ የራሳቸውን ሾፌር እየላኩ ይወስዱ ነበር። መጀመሪያ በኢሜይል ነው የገቡት። ያ መንገድ ሲዘጋባቸው ቢሮዎቹን በአካል ሰብረው ገብተው፣ የሚተየበውን የሚቀዳ ዕቃ ኮምፒውተሮቹ ላይ ገጠሙ። ስለዚህ "ኮምፒውተር ልጠግን ነው" ብሎ የሚመጣውን ሰው ማን እንደጠራው ደውሎ ማረጋገጥ የበር ጠባቂው ሥራ ነው።

የአደገኛ ዕቃ ምልክቶችን ገና ጀምሬያለሁ። ዘጠኝ መደብ አላቸው። ነሐሴ 2020 ቤይሩት ወደብ ላይ ከ200 በላይ ሰው የገደለው 2750 ቶን አሞንየም ናይትሬት ነው። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ነበር። እኛ መዝገብ ላይ እስካሁን "ኬሚካል" ብለን ብቻ ነበር የምንጽፈው። አሁን የምልክቱን ቁጥርና ቀለም እንጽፋለን።

መጋቢት፦ አሁን ያለንበት

ከኅዳር ወዲህ እጀታቸው የተነካካ ሁለት ኮንቴነሮች በር ላይ ይዘናል። ሁለቱም ማሸጊያቸው ደህና ነበር። ሾፌሩ ባለበት ፎቶ አንስተን፣ ቃለ ጉባኤ ጽፈን፣ ባለንብረቱን ጠርተን ነው የከፈትናቸው። አንደኛው ጎድሎ ተገኘ፣ ሌላው ሙሉ ነበር። ሾፌሮቹንም በጥርጣሬ እንዳናንገላታ እጠነቀቃለሁ። ረጅም መንገድ ነድተው ነው የሚደርሱት፤ ብዙ ጊዜ ዕቃው መቼ እንደተነካ እነሱም አያውቁም።

ቀጣዩ ልምምዳችን ግንቦት ላይ ነው፤ የእሳት ይሆናል። አንድ ነገር ግን ልጠይቃችሁ። ለሥልጠና የያዝኳቸውን 6 ቀናት በአንዴ ማውጣት አልቻልኩም፤ ፈረቃው ይሳሳብኛል። አሁን በየሳምንቱ ፈረቃ ከመግባታቸው በፊት አንድ ሰዓት አስቀድሜ እየጠራኋቸው ነው፤ ሰዓቱም ይከፈላቸዋል። የሌሊት ገቢዎቹ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ለመድረስ ይቸገራሉ። እናንተ ጋ የሌሊት ፈረቃውን መቼ ነው የምታሠለጥኑት?