ላሜራው የጣሊያን፣ ሞተሩ የአሜሪካ

የዘንድሮው የአውስትራሊያ ስፖርት ሴዳን የመኪና ውድድር ፊሊፕ አይላንድ በሚባለው ሜዳ ላይ አለቀ። ሜልበርን ከመጣሁ ወዲህ ብዙ ዓይነት ውድድር አይቻለሁ፤ ፎርሙላ ዋንም በየዓመቱ አልበርት ፓርክ ድረስ እየመጣ ያልፋል። የእኔ ልብ የቀረው ግን እነዚህ፣ በራቸው ላይ የሰፈር ጎማ ቤት ስም የተለጠፈባቸው መኪኖች ዘንድ ነው። ምክንያቱን ጽፌ ማስቀመጥ ፈለግሁ።

ስፖርት ሴዳን ከላይ ሲያዩት መንገድ ላይ የምናውቀውን መኪና ይመስላል። ኮፈኑ ሲከፈት ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ውስጡ ከቱቦ ተበይዶ የተሠራ ሻሲ ነው። ሞተሩ ከሌላ ኩባንያ ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ይመጣል። ክብደቱ በአራቱም ጎማ ላይ እንዲከፋፈል ሞተሩን ወደ ኋላ ስበው ስለሚያስገቡት፣ ሾፌሩ የሚቀመጠው የኋላ ወንበር ወደነበረበት ተጠግቶ ነው። አልፋ ሮሜዮ አልፌታ ጂቲቪ ሲወጣ ባለ 4 ሲሊንደር መኪና ነበር። ቶኒ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1981 ሻምፒዮን የሆነበት አልፌታ ግን ባለ 8 ሲሊንደር ሸቭሮሌ ሞተር የተሸከመ ነው። ከዓመታት በኋላ የምዕራብ አውስትራሊያው ቶኒ ሪቻርዴሎ በዚያው ቅንጅት፣ በሌላ አልፌታ መጣና ከማንም በላይ ዋንጫ ሰበሰበ።

ከሁሉም የሚገርመኝ የፍራንክ ጋርድነር ኮርቬር ነው። ሸቭሮሌ ኮርቬርን ከኋላው በአየር በሚቀዘቅዝ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ነበር የሠራው። ጋርድነር ያንን አውጥቶ ትልቁን ባለ 8 ሲሊንደር መሀል ላይ አስቀመጠና በ1977 ሻምፒዮን ሆነ። ጋርድነር የእንግሊዝን የሳሎን መኪና ሻምፒዮና ሦስት ጊዜ ያሸነፈ፣ ፎርሙላ ዋንም የነዳ ሰው ነው፤ መኪና በጭንቅላቱ ይሠራል ብል አላጋነንኩም። በዓመቱ ደግሞ አለን ግራይስ በዚያችው መኪና ደገመው። ባተርስት የሚባለውን ትልቁን የአውስትራሊያ የመኪና ውድድር ዘጠኝ ጊዜ ያሸነፈው ፒተር ብሮክም የጀመረው ከዚህ ነው፦ ኦስቲን ኤ30 የምትባል ሚጢጢ መኪና ውስጥ የሆልደን ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ከትቶ።

እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግሁት። ሶማሌ ተራ ተሂዶ የተገኘው ሞተር እቤት ካለው ሻሲ ጋር መታረቅ ነበረበት፤ የሞተሩ መቀመጫ ይቆረጣል፣ ይበየዳል፣ ካምቢዮው አልገጥም ካለ ማጋጠሚያ ይቀረጽለታል። ችግር ያስተማረን ሙያ ነው። እዚህ አገር ያንኑ ሥራ ሰዎች ወደው፣ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ሌሊታቸውን ሰውተው ሲሠሩት ሳይ ሙያዬ የተከበረልኝ ያህል ይሰማኛል።

ዊንተን ላይ ያየሁትን ልጻፍ። ዊንተን ከሜልበርን ወደ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቤናላ አጠገብ ያለ፣ ከ1961 ጀምሮ የሚሠራ ጠባብና ጠመዝማዛ ሜዳ ነው። አንድ ተወዳዳሪ አለ፤ መተዳደሪያው የቧንቧ ሥራ ነው፣ መኪናው ሸቭሮሌ ሞተር የገባላት ቶዮታ ሴሊካ ናት። የመጀመሪያው ውድድር ላይ ሦስተኛ ማርሹ ጠፋበትና አቋርጦ ወደ መጠገኛው ገባ። እንደዚህ ባሉ ውድድሮች ተመልካቹ መኪኖቹ አጠገብ ድረስ መጠጋት ስለሚችል ሥራውን ከጎኑ ቆሜ አየሁ። የካምቢዮውን ዘይት ሲያወርደው ገና ያጤሳል። በመዳፉ ትንሽ ተቀብሎ ወደ ፀሐይ ዘወር አደረገው፤ ዘይቱ ውስጥ የብረት ፍቅፋቂ ያብለጨልጫል። ምንም አልተናገረም፤ ለሴት ልጁ ብቻ አሳያትና እሷ ወዲያው 17 ቁጥር መፍቻውን አቀበለችው። ልጅቷ የወጣውን ብሎን ሁሉ በወጣበት ቅደም ተከተል ካርቶን ላይ እየሰካች፣ ስሙን በማርከር ትጽፍበታለች። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ካምቢዮው ሲወርድ ሁለት ሰው ስለማይበቃ እኔም ገባሁና አንዱን ጫፍ ያዝኩ።

ጥርሱ የተሸረፈውን ማርሽ የተካው መለዋወጫ የተገኘው ከጎረቤት ድንኳን ነው። የሰጠው ሰው በነጥብ አንድ ደረጃ ብቻ ነው የሚበልጠው፤ ሴሊካዋ ከሚቀጥለው ውድድር ብትቀር የሚጠቀመው እሱ ነበር። ሳይጠየቅ ነው ይዞ የመጣው። ከሰዓት በኋላ ሴሊካዋ ከመጨረሻው ረድፍ ተነስታ ጎረቤቱን ቀደመችው። ጎረቤትየው ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ የጠየቀው ማርሹ እንዴት እንደሆነ ነበር።

የሚያሳስበኝ ነገር አለ። መነሻው ላይ የሚሰለፈው መኪና አንዳንድ ጊዜ በጣም ያንሳል። ገንዘብ ያለው ሰው ዛሬ ጂቲ3 የሚባለውን፣ ከፋብሪካ ለውድድር ተሠርቶ ያለቀ መኪና ገዝቶ ይወዳደራል፤ ሞተሩን እንኳ ራሱ እንዲከፍት አይፈለግም። በዚያ ላይ ሜዳው ራሱ እየጠፋ ነው። ሲድኒ ውስጥ አማሩ ፓርክም ኦራን ፓርክም ቤት ተሠርቶባቸዋል፤ እዚሁ ሜልበርን በፈረስ መሮጫው ዙሪያ የሚዞረው ሳንዳውንም ዕጣው እያከራከረ ነው። በገዛ እጁ መኪና ሠርቶ በገዛ እጁ ለሚነዳ ሰው ቦታ ካልተረፈ፣ ውድድሩ የገንዘብ ብቻ ይሆናል። ይህን ሳስብ እናደዳለሁ።

ፊሊፕ አይላንድ 4.445 ኪሎ ሜትር ሆኖ ሰፊና ፈጣን ነው፤ ትልቅ ሞተር የሚጠግበው እዚያ ነው። ዋናው ቀጥታ መንገድ ጋርድነር ይባላል፣ ግን በሞተርሳይክሉ ሻምፒዮን በዌይን ጋርድነር ስም ነው፤ የኮርቬሩም ሰው የሚገባው ይመስለኛል። መኪኖቹ ወደ ባሕሩ ቁልቁል ሲወርዱ ድምፁ ደረት ውስጥ ነው የሚገባው። ሴሊካዋ ሦስቱንም ውድድር ጨረሰች። መድረክ ላይ አልወጣችም።

ዕቃ ሲጭኑ የሴሊካዋ ባለቤት መጣና በውድድሩ ዕረፍት ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ሊያወርደው እንደሆነ ነገረኝ፤ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ጋራዡ ክፍት ነው አለኝ። ልጁም የብየዳ ጭንብል ሁለት እንዳላቸው ጨመረችልኝ። የዚህን ሳምንት ሐሙስ ከሥራ ቀደም ብዬ እንድወጣ ዛሬ አስፈቅጃለሁ።