ንፋሱ ነው ወይስ ማግኔቱ?

ለእረፍት አዳማ ገብቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን እናቴ ቡና እየቀዳች «አንተ፣ ይሄ ትምህርት ግን አያልቅም?» አለችኝ። ዶክትሬቴን ከጨረስኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ፖስትዶክ ትምህርት ሳይሆን ለተወሰነ ጊዜ የሚቀጠሩበት የምርምር ሥራ ነው፤ ኮንትራቱ ሲያልቅ ሌላ ቦታ መፈለግ ነው። ይህን ነገርኳት። እሷን የሚያሳስባት ግን መቼ ጠቅልዬ እንደምገባ ነው፣ እሱን ደግሞ እኔም አላውቀውም።

የምሠራው ስስ የማግኔት ፊልም ላይ ነው። አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የብረት ታንክ ውስጥ ትንሽ አርጎን ጋዝ እናስገባለን፣ አርጎኑ በኤሌክትሪክ እየተገፋ የኒኬልና የብረት ቅይጥ ሰሌዳ ይደበድባል፣ ከሰሌዳው የሚፈናጠሩት አተሞች ሲሊከን ላይ ያርፋሉ። ይዤ የመጣሁት ቁራጭ ውፍረቱ 20 ናኖሜትር ነው። የሰው ፀጉር 80,000 ናኖሜትር አካባቢ ነውና የፀጉር አራት ሺህኛ ማለት ነው። ሲያዩት መስታወት ይመስላል። ኦክስጅን እንዳይበላው ላዩን ታንታለም በሚባል ብረት ሸፍነነዋል።

የጎረቤታችን ልጅ ፊዚክስ ሦስተኛ ዓመት ነው። «ጋሼ፣ እዚህ ማሽኑ ከሌለ ምን መሥራት ይቻላል?» አለኝ። እኔም በእሱ ዕድሜ ይህንኑ እጠይቅ ስለነበር ሆዴን በላኝ። ፊልሙን ለመሥራት ማሽን ያስፈልጋል። ለመለካት ግን በረንዳ ይበቃል።

መብራት ስላልነበረ በዘጠኝ ቮልት ባትሪ ተጠቀምን። አራት ሽቦ አገናኘን፦ በዳር ባሉት ሁለቱ ከረንቱ ያልፋል፣ በመሀሎቹ ቮልቴጁን እናነባለን፤ እንዲህ ሲሆን የሽቦው መገናኛ የራሱ ሬዚስታንስ (ከረንቱን የመቋቋም ባሕርይ) ልኬቱን አያበላሽም። ከዚያ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት አጠገቡ ማዞር ነው። የፊልሙ ማግኔትነት ከከረንቱ ጋር አንድ አቅጣጫ ሲይዝ ሬዚስታንሱ ከፍ ይላል፣ ሲያቋርጠው ዝቅ ይላል። ሎርድ ኬልቪን የሚባለው የፊዚክስ ሊቅ ዊሊያም ቶምሰን ይህን ያየው በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በ1990ዎቹ የሃርድ ዲስክ አንባቢዎች በዚሁ ይሠሩ ነበር፣ በ1988 እነ አልበርት ፌርትና ፒተር ግሩንበርግ ያገኙት ብዙ እጥፍ የሚበልጠው ለውጥ እስኪተካው ድረስ። ለሁለቱ በ2007 ኖቤል ተሰጣቸው።

የእኛ ለውጥ ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ሬዚስታንሱ ሲወርድ ቮልቴጁም አብሮት ይወርዳል፤ የቮልቴጅ መለኪያችን መልቲሜትሩ 962 ሚሊቮልት አለ፣ ማግኔቱን ስናዞረው 953። ልጁ ከወንበሩ ተነሳ። ግን ማግኔቱን ካራቅነውም በኋላ ቁጥሩ መውጣት መውረዱን አላቆመም። ፊልሙ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ማግኔቱ የሚያመጣውን ያህል ለውጥ ታመጣለች። የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ያቀዘቅዘዋል፣ አንዴ ዝም ሲል ፀሐይዋ ታሞቀዋለች። የጫማ ካርቶን ደፋንበት። ቁጥሩ ረጋ።

የፖስትዶክ ኑሮዬ አብዛኛው ይኸው ነው። ማግኔት የመሰለኝን ነገር እጠረጥራለሁ፣ ሙቀት ነው ወይስ ልል ሽቦ እያልኩ ሳምንት እፈጃለሁ። ይህ ጥርጣሬ ውድ ዕቃ አይጠይቅም። ተማሪዎቻችን ማሽኑ እስኪመጣ እየጠበቁ አራት ዓመት ሙሉ ቀመር ብቻ ሲሸመድዱ ማየት የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

ቁራጩን ሰጠሁት። ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለ። «ጋሼ፣ ካርቶኑን አንስቼ ሞከርኩት፤ አሁን ንፋስ የለም፣ ቁጥሩም አይንቀሳቀስም» አለኝ።