የልምድ አዋላጆቹን ወደ ማዋለጃ ክፍላችን ያስገባንበት መንገድ

በሙያዬ ሚድዋይፍ ነኝ። የምሠራው ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ የሚቆረጥ ደጋ ላይ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ቤት ውስጥ ማዋለድ እንዲቀር ሕጉም መመሪያውም ሲጠብቅ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያዋልዱ የኖሩትን ሴቶች ከሥራችን ሳናርቅ እንዴት እንደያዝናቸው ልጽፍ ነው። እንደኔ ገጠር ለተመደቡ ባልደረቦቼ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ነገሩ እንዴት እንደመጣ በአጭሩ ላስቀምጥ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር የልምድ አዋላጆች እንደ አጋር ነበር የሚታዩት። እጅ መታጠብ፣ አዲስ ምላጭ፣ ንጹሕ ክር እየተባለ ሥልጠናም ይሰጣቸው ነበር። ሥልጠናው ግን የሚፈለገውን ያህል እናት አላተረፈም። ደም መፍሰስን፣ በደም ግፊት የሚመጣ መንቀጥቀጥን፣ አልወጣም ብሎ የቆመ ፅንስን በምላጭና በሳሙና ማሸነፍ አይቻልም። ስለዚህ አቅጣጫው ተለወጠና ሁሉም እናት ጤና ተቋም ትውለድ ተባለ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661 ያልተመዘገበና የሙያ ፈቃድ የሌለው ሰው በጤና ሙያ እንዳይሠራ ደነገገ። ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 299 ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ተከተለ። እኛ የተማርነውም ብንሆን የብቃት ምዘና ፈተና መጥቶብናል፣ ፈቃድ ማሳደሻ ሥልጠናም አለብን። ቁጥጥሩ ለሁሉም ነው የጠበቀው።

ሕጉን አልቃወምም። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም መውለድም በ2003 ዓ.ም. ከመቶ 10 ብቻ የነበረው በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ደርሷል። ደሟ ከሚፈስ ወላድ ጋር ሌሊቱን ያደርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህ ለውጥ ለእኔ ከቁጥር በላይ ነው።

ይሁንና አዋጁ ቀበሌ ሲደርስ ሌላ መልክ ያዘ። አዋጁ ራሱ ቤቷ የወለደችን እናት ወንጀለኛ አላደረጋትም። በየቦታው ግን የማኅበረሰብ ሕግ እየተባለ ቤት የወለደችም ያዋለደችም ገንዘብ እንድትቀጣ ተወሰነ፤ የእኛም አካባቢ እንደዚያው አደረገ። ውጤቱን ያየሁት ማዋለጃ ክፍል ሆኜ ነው። ሴቶቹ ማዋለዳቸውን አልተዉም። የተዉት መላክ ነው። ድሮ ምጡ ካላማራቸው ቶሎ ሰው ሰደው የሚያስጠሩት አዋላጆች ቅጣቱን ፈርተው እስከ መጨረሻው ይታገላሉ፤ ሲያቅታቸው እናቲቱን በቃሬዛ አሸክመው ይልኳትና እነሱ ደጃችን አይደርሱም። ሌሊቱን ሙሉ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ያላት፣ ነጠላዋ በደም የራሰ እናት ትመጣለች። ምጡ መቼ ጀመራት? የሽርት ውኃዋ መቼ ፈሰሰ? ማን ነካት? ምን ጠጣች? ብዬ ስጠይቅ የተሸከሟት ወንዶች እርስ በርስ ይተያያሉ። መልሱን የምታውቀዋ ሴት እዚያው ቤት ቀርታለች።

በዚህ መቀጠል አልቻልኩም። የጀመርኩት ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ነው፤ መንደሩን በየጓሮው የምታውቀው እሷ ናትና። ስብሰባ አልጠራንም። ቀበሌ አዳራሽ ቢጠሩ ለቅጣት እንደሚሆን ያስባሉ፤ ማን ይመጣል? ገበያ የማይውልበትን ቀን መርጠን ቤታቸው ድረስ ሄድን። መጀመሪያ የሄድነው አካባቢው ሁሉ እማማ የሚላቸው እናት ዘንድ ነው። ቡና እያፈሉ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ልትከሺኝ ነው የመጣሽው?» አሉኝ።

«ኧረ በፍጹም እማማ፤ ላስቸግርዎ ነው የመጣሁት። ያለ እርስዎ ሥራው አልሆነልኝም» አልኳቸው።

«እኔ ደግሞ ምን ልረዳሽ? እጄን አስረውት የለ።»

ሁለተኛው ቡና እስኪደርስ ስለ ወሊድ አላነሳንም። ከዚያ እናቶቹ ለምን ወደ እኛ እንደማይመጡ ስጠይቃቸው አንድ በአንድ ነገሩኝ። «እናንተ ዘንድ ሴቲቱን በጀርባዋ አጋድማችሁ እግሯን ትሰቅላላችሁ። ገላዋን ሳትሸፍኑ ወንድ ይገባል፣ ይወጣል። ክፍሉ ብርድ ነው። እናቷ ውጭ ትቀመጣለች። ማርያም ማርያም ብትል ዝም በይ ትባላለች። የእንግዴ ልጁን የት እንደምትጥሉት አናውቅም። ወልዳ ስትነሳ የምትቀምሰው ገንፎ የለም። ይሄ መውለድ ነው?»

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ነበር የማወጣው የማወርደው። ካሉት ሁሉ ሕክምናው የሚከለክለው አንድም አልነበረም። ምጥ ላይ ያለች እናት ተንበርክካም ቁጢጥ ብላም የፅንሱን የልብ ምት ማዳመጥ ይቻላል፤ የምጡን ሂደት የምንመዘግብበት ቅጽ፣ ፓርቶግራፍም ይሞላል። የእንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን አገላብጬ ካየሁ በኋላ ቤተሰቡ ወስዶ ቢቀብረው ምን ይጎድልብናል? ቤት ውስጥ ያላት ነገር ሁሉ እኛ ዘንድ ሲጎድልባት ነው እግሯ የሚከብዳት። ሕጉ የወሰነው ማዋለድ የሚችለው ማን እንደሆነ ነው። የምታምጥን ሴት ጀርባ ማን ይደግፍ የሚል አንቀጽ አልነበረበትም።

ከባዱ ክፍል ይህንን ለጤና ጣቢያው ማስረዳት ነበር። ኃላፊው ያነሳው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ማዋለጃ ክፍል ገብቶ አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂው ማን ነው? በቃል መመለስ አልፈለግሁም። አንድ ገጽ አሠራር ጻፍኩ። አብራ የምትገባው ሴት ጀርባ ትደግፋለች፣ ታበረታታለች፣ ትጸልያለች፣ ውኃና አጥሚት ታጠጣለች፣ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ከተባለ አምቡላንስ ላይ አብራ ትወጣለች። ውስጥ አትመረምርም፣ ሆድ አትጫንም፣ የተቀመመ ነገር አታጠጣም። ማዋለዱ በፈቃድ ባለቤቷ እጅ ይሆናል፤ መዝገቡ ላይም የምፈርመው እኔ ነኝ። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ይኑር ማለቱን ከላይ ጠቀስኩበት። ኃላፊው አነበበው፣ አንድ ሁለት ነገር አስተካከለ፣ ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ላክነው፤ ማኅተም ተደርጎበት ተመለሰ። ለጀማሪ ባልደረቦቼ አጥብቄ የምናገረው ይህንን ነው። የጽሑፍ ስምምነት ሳይኖር ይህን ሥራ አትጀምሩ። በጎ ሐሳባችሁ ብቻውን ለፈቃዳችሁ ዋስትና አይሆንም፤ ለሴቶቹም አይሆንም።

ክፍሉን ለማስተካከል ብዙ ገንዘብ አልጠየቀም። በአልጋዎቹ መሐል መጋረጃ ተሰቀለ። ወለሉ ላይ የሚታጠብ ፍራሽ አኖርን። የተሰበረው የመስኮት መስታወት ተተካ። ለገንፎው ዱቄትና ቅቤ ኅብረተሰቡ አዋጣ፣ ከጓሮ ያለችው ክፍል ማድቤት ሆነች። ከእኛው ባለሙያዎች መካከል ነገሩ ያልተዋጠላቸው ነበሩ፤ ተምረን መጥተን ወደ ኋላ እንመለስ ወይ የሚል ቅሬታ ይሰማ ነበር። አልተከራከርኳቸውም፤ ሌሊት ተረኛ ሲሆኑ ራሳቸው አዩት።

እማማ መጀመሪያ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋትን አንዲት ወላድ ይዘው መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ እጃቸውን ከእኔ እኩል በሳሙና ታጠቡ። ልጅቱ ፍራሹ ላይ ተንበርክካ ክንዷን በትከሻቸው ላይ ጣለች። እሳቸው በመዳፋቸው ወገቧን ከላይ ወደ ታች እያሹ፣ ምጡ ሲመጣ «ማርያም ትቅረብሽ፣ በርቺ»፣ ሲለቃት «እረፊ፣ ተንፍሺ» ይሏታል። ምጡ መምጣቱን ከእኔ ቀድመው በእጃቸው ያውቁት ነበር። ሕፃኑ እንደወጣ በደቂቃ ውስጥ ደም እንዳይፈስ ማኅፀንን የሚያኮማትረውን መርፌ፣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ጭኗ ላይ ወጋሁ፤ የእንግዴ ልጁ ሳይቆይ ወጣ፤ ማኅፀኗ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። እጃቸውን ይዤ ሆዷ ላይ አስቀመጥኩና እንዲዳስሱት አደረግሁ። ለረጅም ጊዜ ዳሰሱት። «እኛ ስንት ያጣነው ይሄን መርፌ አጥተን ነው?» አሉኝ። እልልታው ከውጭ ተቀበለን፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ እያሉ ሴቶቹ ገቡ።

ከዚያ በኋላ መተማመኑ በሁለት ወገን ሄደ። አንድ ጊዜ እማማ ገና ምጧ ያልጀመራትን እናት ይዘው መጥተው «ራሱ ወደ ላይ ነው ያለው፤ አልዞረም» አሉኝ። እኔም ዳስሼ አገኘሁት፤ ፅንሱ በመቀመጫው ነበር። ጊዜ ስለነበረን በሰላም ወደ ሆስፒታል ላክናትና እዚያ ወለደች። በቅጣቱ ዘመን ቢሆን ኖሮ ይህች እናት እኔ ዘንድ የምትደርሰው የሕፃኑ እግር ከወጣ በኋላ ነበር።

ለሴቶቹ ትምህርት ስንሰጥ ብዙ ነገር አላበዛንባቸውም። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ወይም መንቀጥቀጥ፣ ምጥ ሳይመጣ የሽርት ውኃ መፍሰስ፣ ከሕፃኑ ራስ በፊት እጅ ወይም እትብት መታየት፣ ምጥ መሽቶ ነግቶ አልገፋ ማለት። ከእነዚህ አንዱን ካዩ ሳይጠብቁ ስልክ እንዲያስደውሉ ተስማማን። እትብት ላይ ቅቤ መቀባት ይቅር ስንል ግን ክርክር ነበረበት፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልቀረም። መንታ ያረገዘችው፣ ቀድሞ በኦፕሬሽን የወለደችው፣ ቤቷ ከወንዝ ማዶ የሆነው ወሯ ሲገባ እናቶች ማቆያ ገብታ እንድትጠብቅ አማቾቿን የሚያሳምኑት እነሱ ናቸው። እኔ ብናገር የማይሰማኝ አባወራ እማማን እሺ ይላል።

ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ አምቡላንስ ካልተሻገረ አሁንም ቤት የምትወልድ አለች። ያን ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደም መፍሰስን የሚከላከለውን ኪኒን፣ ሚሶፕሮስቶል ይዛ ትሄዳለች፤ ሕፃኑ ከተወለደና ሆድ ውስጥ ሁለተኛ ልጅ እንደሌለ ከተረጋገጠ በኋላ 600 ማይክሮግራም በአፍ ትሰጣታለች። የልምድ አዋላጇ እዚያ ስትኖር ባለሙያዋን የምታስጠራው እሷ ናት። ድሮ ቢሆን ትደበቅ ነበር።

ቅጣቱን ለማስነሳት ለቀበሌው ኮሚቴ ስለ መብት አላወራሁም። ዘግይተው የመጡትን እናቶች ታሪክ ስማቸውን ሳልጠራ ነገርኳቸውና፣ ከመካከላችሁ ሚስቱን ወይም እህቱን በዚህ መልክ ያመጣ እንዳለ ያውቀዋል አልኩ። ከተቀመጡት አንዱ ተነስቶ የእኔ ቤት ነው አለ። ቅጣቱ በዚያው ስብሰባ ተነሳ።

አብረውን መሥራት ያልፈለጉም አሉ። አንዲት እናት እስከ ዛሬ ወደ ጤና ጣቢያው አይመጡም፤ ግን ማዋለዱን ትተውታል፤ ለክብራቸው ብለው ቤት ለመዋል መምረጣቸውን አከብራለሁ። ሴቶቹን ስልጡን አይደሉም ብሎ ማሸማቀቅ ቀላል ነው፤ ሐኪም በሌለበት ዘመን ያን ሁሉ እናት ብቻቸውን ይዘው ያደሩት ግን እነሱ ናቸው።

ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። ሲያዋልዱ በነበረ ጊዜ እህል ይሰፈርላቸው ነበር፤ የክርስትናው ድግስ ላይም ቦታቸው ከፊት ነበር። አሁን በሌሊት ከእናቲቱ ጋር ይመጣሉ፣ አብረዋት ያድራሉ፣ ሲነጋ በእግራቸው ይመለሳሉ፤ የሚያገኙት ምስጋና ብቻ ነው። የትራንስፖርትና የውሎ አበል እንዲታሰብላቸው ጠይቄ ነበር። ሠራተኛም ባለሙያም ላልሆነ ሰው የሚከፈልበት የበጀት መደብ የለም ተባልኩ። ከእናቶች ማቆያው ወጪ ጋር እንዲያያዝ አማራጭ ጽፌ፣ በዘንድሮው የበጀት ዝግጅት ላይ ደብዳቤውን በድጋሚ አስገብቻለሁ።