ዩኒቨርሲቲን የወለደ ደብዳቤ

ዛሬ ውዬ ያመሸሁት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሎንዶንን አመሠራረት ሳነብ ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሳበኝ፣ ገጣሚው ቶማስ ካምቤል ለሕግ ባለሙያውና ለፓርላማ አባሉ ለሄንሪ ብሩም የጻፈው፣ በፌብሩዋሪ 1825 እ.ኤ.አ. በዘ ታይምስ ጋዜጣ የወጣው ግልጽ ደብዳቤ ነው። ካምቤል ቀደም ሲል የጀርመኑን የቦን ዩኒቨርሲቲ ጎብኝቶ ስለነበር፣ ሎንዶንም የራሷ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ እንዲኖራት በአደባባይ ጠየቀ።

በዚያ ዘመን በኦክስፎርድ ለመመዝገብ፣ በካምብሪጅ ደግሞ ዲግሪ ለመቀበል የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን እምነት መቀበል ግዴታ ስለነበር፣ አይሁዶች፣ ካቶሊኮችና ከቤተ ክርስቲያኒቱ የተለዩ ፕሮቴስታንቶች ከከፍተኛ ትምህርት ተገልለው ነበር። የደብዳቤውን ክብደት የተረዳሁት ይህን ሳስብ ነው፤ በጥቂት ወዳጆች መካከል ተወርቶ ሊቀር ይችል የነበረው ሐሳብ፣ ጋዜጣ ላይ በመውጣቱ፣ በር የተዘጋባቸውን ሁሉ የሚመለከት ጉዳይ ሆነ። አይሁዳዊው ባለ ባንክ አይዛክ ሊዮን ጎልድስሚድ ከዋነኞቹ ደጋፊዎች አንዱ ነበር። ገንዘቡም የመጣው ከመንግሥት ካዝና ሳይሆን፣ እያንዳንዳቸው 100 ፓውንድ ከሚያወጡ አክሲዮኖች ሽያጭ ነው።

ተቋሙ በ1826 ተመሥርቶ በ1828 ማስተማር ጀመረ፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት ስሙን ያገኘው ግን በ1836 ነው። ሃይማኖት ሳይለይ ተማሪ የተቀበለው ይህ ቤት፣ ሴቶችን ለዲግሪ ለመቀበል እስከ 1878 መዘግየቱ ከልብ ያሳዝነኛል።