«ልጋው!» እያሉኝ ከኋላ መመሥረትን የተማርኩበት መንገድ

በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ለሰፈራችን ቡድን አዲስ አሰልጣኝ መጣ። እኔ ያኔ 26 ዓመቴ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በረኛ ነኝ። ሥራዬን በደንብ አውቀዋለሁ ብዬ አስብ ነበር። ኳስ ወደ ጎል ሲመጣ እይዛለሁ፣ እግሬ ሥር ሲመጣ እለጋዋለሁ። የምለጋው ኳስ መሃል ሜዳን ስለሚያልፍ ሰው ያጨበጭብልኝ ነበር። ምን ያህሉ ለተጋጣሚ እንደሚደርስ ግን ማንም አይቆጥርም፤ እኔም አልቆጠርኩም።

ኮች በመጀመሪያው ቀን ጓንቴን አስወለቀኝና ከአማካዮቹ ጋር መሃል ባልገባ አጫወተኝ። ክብ ሠርተን ስንቀባበል ቶሎ ቶሎ ኳስ የሚበላሽብኝ እኔ ነበርኩ። ልምምዱ ሲያልቅ ጠራኝና ከኋላ መመሥረትን፣ ማለትም ኳሱን ከመለጋት ይልቅ ከበረኛው ጀምሮ በቅብብል ይዞ መውጣትን፣ አፈሩ ላይ በእንጨት ነጥብ እያደረገ አስረዳኝ። «የእነሱ በረኛ ጎሉን ትቶ ኳስ ሊነጥቅህ፣ አንተን ፕሬስ ሊያደርግ አይመጣም አይደል? ስለዚህ አንተ ከተጫወትክ እኛ 11 ነን፣ እነሱ 10። ከለጋኸው ግን አየር ላይ እኩል ለእኩል እንታገላለን።»

ያሳመነኝ ይሄ ሒሳብ ነው። አንድ አጥቂ ወደ እኔ ከሮጠ የሆነ ቦታ የተወው ሰው አለ። የእኔ ሥራ ያንን ሰው ማግኘት ነው። ያኔ ዋልያዎቹ በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ሥር ኳስ መሥርተው ለመጫወት ይሞክሩ ስለነበር ሜዳ ዳር ያለው ክርክር ሁሉ በዚሁ ጉዳይ ነበር፤ ግማሹ ይደግፋል፣ ግማሹ ልቡ እየተሰቀለ ያያል።

ሕጉም ቢሆን በረኛን ወደዚህ ገፍቶታል። እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ ጓደኛህ ሆን ብሎ በእግሩ የመለሰልህን ኳስ በእጅህ መያዝ አትችልም። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የመልስ ምት ሕግ ተቀየረ። ድሮ ኳሱ ከፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ ሳይወጣ ጓደኛህ መንካት አይፈቀድለትም ነበር። አሁን ተከላካይህ እዚያው ክልሉ ውስጥ አጠገብህ ቆሞ ይቀበላል፤ ተጋጣሚ ግን ኳሱ እስኪመታ ድረስ ውጭ መጠበቅ አለበት። ቲቪ ላይ ሁለት ተከላካዮች በበረኛው ግራና ቀኝ ቆመው የምናየው ለዚህ ነው።

እግሬን ያሠለጠንኩት ግቢያችን ካለው ግድግዳ ጋር ነው። ጠዋት ጠዋት 100 ጊዜ በግራ፣ 50 ጊዜ በቀኝ። ሁለት ወር ገደማ ፈጀብኝ። ግን ከእግር ይልቅ የከበደኝ ዓይን ነው። ኮች ከፊት ሆኖ ኳስ ይመታልኛል፣ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ከጎን ቆሞ ጣቶቹን ያነሳል። ኳሱ እግሬ ከመድረሱ በፊት ስንት ጣት እንዳነሳ ጮክ ብዬ መናገር አለብኝ። መጀመሪያ ላይ ጣቱን ሳይ ኳሱ ያመልጠኛል፣ ኳሱን ሳይ ጣቱን አላይም። ቀስ እያለ ነው የገባኝ፤ ኳሱ አንዴ ከተመታ በኋላ የት እንደሚደርስ ይታወቃል፣ ስለዚህ መንገድ ላይ እያለ ዓይኔን ሌላ ቦታ መላክ እችላለሁ። ሰውነቴንም ገልበጥ አድርጌ፣ ሜዳው በሙሉ እንዲታየኝ፣ ኳሱ ከሚመጣበት በሚርቀው እግሬ መቀበል ጀመርኩ።

ተከላካዮቹም አንድ ነገር ተማሩ። ኳስ ሲመልሱልኝ ከጎሉ ቋሚ ውጭ ባለው በኩል ነው የሚመልሱልኝ። የእኛ ሜዳ ጠጠር አለው። ኳሱ ነጥሮ ቢያመልጠኝ ለማዕዘን ምት ይወጣል እንጂ ጎል አይሆንም። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ እባካችሁ ይህቺን ውሰዱ።

ታኅሣሥ ላይ ከባዱ ቀን መጣ። 1 ለ 1 ነን፣ ሊያልቅ 15 ደቂቃ ያህል ቀርቷል። ቀኝ ተከላካያችን መለሰልኝ። ከዚያ በፊት ሦስት አራት ጊዜ መሃል ያለውን አማካያችንን አግኝቼው ስለነበር አሁንም ብቻውን እንደሚሆን እርግጠኛ ሆንኩና ሳላየው ሰጠሁት። የእነሱ 8 ቁጥር ይህንኑ ሲጠብቅ ነው የቆየው። ከጀርባው መጥቶ ቀደመው፣ ሁለት እርምጃ ገፋ፣ ጎል። ከሜዳው ዳር «ልጋው አላልንህም!» የሚል ጩኸት መጣ። 2 ለ 1 ተሸነፍን።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጩኸቱን ረሳሁት፤ ያን ሁሉ ደቂቃ ሲሮጡ የቆዩት ልጆች ፊት ግን ከዓይኔ አልጠፋም። አጥቂ ሲስት ጨዋታው ይቀጥላል፤ በረኛ ሲሳሳት ከኋላው ማንም የለም። ይህ አጨዋወት አደጋ የለውም የሚለኝን ሰው አላምነውም።

ኮች በማግስቱ ደወለልኝ። አልተቆጣም። «ኳሱ ሲመጣልህ ምን አየህ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። «በቃ፣ እሱን ነው የምናስተካክለው» አለና ዘጋው።

ከዚያ በኋላ የትልልቆቹን ስህተት በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1990 የዓለም ዋንጫ የኮሎምቢያው በረኛ ሬኔ ሂጉይታ ከጎሉ ርቆ የካሜሩኑን አጥቂ ሮጀር ሚላን ሊያልፍ ሲሞክር ሚላ ነጥቆት አገባ፤ ካሜሩንም 2 ለ 1 አሸንፋ ሩብ ፍጻሜ ገባች። ያኔ የሊቨርፑል በረኛ የነበረው አሊሰን እ.ኤ.አ. በ2018 ሌስተር ላይ አጥቂውን ኢሄናቾን በእግሩ ሊያታልል ሲል ተነጥቆ ጎል ተቆጠረበት። ሁለቱም የተነጠቁት አጥቂ ሊያልፉ ሲሉ ነው። ስለዚህ እኔ አጥቂ ማለፍ አቆምኩ፤ ወይ አቀብላለሁ ወይ እለጋለሁ። ያኔ የማንቸስተር ሲቲ በረኛ የነበረው የክላውዲዮ ብራቮ ስህተት ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ባርሴሎና ሜዳ ላይ ኳሱን ለተጋጣሚው አጥቂ ለሱዋሬዝ ሰጠውና ያንን ለማዳን ከክልሉ ውጭ በእጁ ነካ። ቀይ ካርድ፤ ሲቲ 4 ለ 0 ተሸነፈ። አንዱ ስህተት ሁለት ሲሆን ማለት ይሄ ነው። እኔ አሁን ኳስ ካበላሸሁ መጀመሪያ የማደርገው ወደ ጎሌ መመለስ ነው።

ያኔ ሲቲን ያሠለጥን የነበረው ጋርዲዮላ ግን አጨዋወቱን አልተወም፤ በቀጣዩ ክረምት በረኛውን ኤደርሰንን አመጣ። ኤደርሰን ላይ ሰው ሁሉ አጭር ቅብብሉን ያወራል። እኔን ያስተማረኝ ግን ረጅም ኳሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሃደርስፊልድ ላይ ከራሱ ሜዳ በአንድ ምት የሲቲውን አጥቂ አጉዌሮን ጎል ፊት አደረሰው፣ አጉዌሮም አገባው። ተጋጣሚ እኔን ሊጫን ወደ ፊት ከመጣ ከኋላው ባዶ ቦታ ትቷል ማለት ነው። ረጅም ኳስም የመመሥረቱ አካል ነው፤ አይቼ ከላክሁት።

ሚያዝያ ላይ ድካማችን ፍሬ አፈራ። ሁለት አጥቂ እየመጣብን ነበር። ኳሱን በጫማዬ ሥር አቁሜ ጠበቅኩ። ይህ መጠበቅ በጣም ከባድ ነው፤ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ይጮኻል፣ ልብህም ይመታል፣ አጥቂው ካልመጣልህ ግን የሚከፈት ሰው የለም። መጣ። ሲመጣ ጠምዘዝ ብሎ ወደ ግራ መሃል ተከላካያችን የሚወስደውን መንገድ ዘጋብኝ። በቀጥታ ልሰጠው አልችልም። ለአማካያችን ሰጠሁት፣ እሱ ሳይዞር በአንድ ንክኪ ለዚያው ተከላካይ አቀበለው። አጥቂው ከኋላ ቀርቷል፤ ተከላካያችን ፊቱ ባዶ ሜዳ ነው። ገፋ፣ ለክንፍ ሰጠ፣ ተሻማ፣ ጎል። ያን ጎል ያገባሁት እኔ የሆንኩ ያህል ሮጥኩ። ያ ታኅሣሥ ላይ ኳስ የተነጠቀው አማካይ መጀመሪያ ወደ እኔ ነው የመጣው።

በቃላትም ተስማምተናል። «ሰው አለብህ» ከተባለ በአንድ ንክኪ፣ «ጊዜ አለህ» ከተባለ ቁም፣ «ዙር» ከተባለ ወደ ሌላው ጎን። ዝም የሚል ተከላካይ ካለህ ይህን አጨዋወት አትሞክረው፤ በረኛው ብቻውን አይችለውም። ክረምት ሲገባና ሜዳው ጭቃ ሲሆን ደግሞ አጭሩን እንተዋለን፣ ኳሱ መሃል መንገድ ላይ ይቆማልና።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ታዳጊ በረኞችን አሠለጥናለሁ። ባለፈው ወር አንዱ፣ 14 ዓመቱ ነው፣ ለተጋጣሚ አቀብሎ ጎል ገባበት። ጎሉ ጀርባ ሄጄ «ምን አየህ?» አልኩት። «9 ቁጥሩን ብቻ» አለኝ። «ግራ ተከላካይህስ?» «አላየሁትም።» ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ተመለሰለት። አንገቱን ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ። ክፍት ሰው አልነበረም። ለጋው፣ መስመሩንም አልፎ ወጣ። አጨበጨብኩለት።