ለዓይን የማይታይ ደም፦ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ቱቦ ማየት) ሳይገቡ የትልቁ አንጀት ካንሰርን መፈተሽ

«የሰገራ ምርመራ» ብቻ ቢባል ላቦራቶሪው አሜባና ጃርዲያ ፈልጎ ይመልሳል፤ የጨጓራ ባክቴሪያውም ምርመራ ሌላ ነው። ስለዚህ ማዘዣው ላይ «ኦካልት ብለድ» (የተሰወረ ደም) አስጻፍሁ፤ ደሴ ያለው ላቦራቶሪም በየትኛው ዘዴ እንደሚሠራ አስቀድሜ ጠየቅሁ።

አሮጌው ዘዴ ጓያክ የደሙን ሄም (ብረት ያለበትን ክፍል) ስለሚያይ የበሉትን ሥጋ ከራስ ደም አይለይም። ቀይ ሥጋን፣ በተለይ ጥሬውንና ክትፎውን፣ ለሦስት ቀን መተው ግድ ነው (ጾም ላይ ላለ ሰው ይህ ቀሏል)። በቀን ከ250 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ ደግሞ ደም እያለ «የለም» ያሰኛል። ናሙናውም ከሦስት ሰገራ ነው። እኔ የመረጥሁት ፊት (FIT) የሚባለውን ዘዴ ነው፤ ስሙ የእንግሊዝኛ ምህጻር እንጂ ከመልክ ጋር አይገናኝም። የሰውን ግሎቢን (የደም ፕሮቲን) ብቻ ስለሚይዝ ምግብ አያስተውም፤ አንድ ናሙናም ይበቃዋል።

ቀድሜ ሸናሁ፤ ደረቅ ፖፖ ላይ ንጹሕ ፌስታል አነጠፍሁ። ናሙናው የሚወሰደው ውሃ ከመጠቀም በፊት ነው፤ ሽንትና ውሃ ያበላሹታል። ለናሙናው በተሰጠኝ ብልቃጥ ዘንግ ሰገራውን አምስት ስድስት ቦታ ወጋሁ፤ ደሙ አንድ ጎን ብቻ ሊሆን ይችላላ። የዘንጉ ጎድጎዶች ከሞሉ በቂ ነው። «ይብዛለት» ብሎ መጠቅጠቅ ካሴቱን (ውጤቱ በመስመር የሚነበብበትን መመርመሪያ) ይደፍነዋል። የወር አበባ ወይም የሚደማ ኪንታሮት ካለ እስኪቆም መጠበቅ ይሻላል።

ከሁሉ የሚረሳው ሙቀት ነው። ሄሞግሎቢን በሙቀት ይፈርሳል፤ የኮምቦልቻ ቀትር ደግሞ የደሴ ብርድ አይደለም። ጋቢና ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ብልቃጥ ውጤቱ ሐሰተኛ ኔጋቲቭ ሊሆን ይችላል። በጠዋት ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ አስረከብሁ። የማይደርስለት ፍሪጅ ውስጥ ያቆየው፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይክተተው። ካሴቱ ላይ የሲ (C፣ የመቆጣጠሪያ) መስመር ካልወጣ ምርመራው አልተሠራም ማለት ነው፤ መመሪያው ከሚለው ደቂቃ አልፎ የመጣ ደብዛዛ መስመርም አይቆጠርም።

ፊት በአንድ ጊዜ ከአራት ካንሰር አንዱን ያህል ይስታል፣ ፖሊፕማ (አንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል እባጭ) ይበልጥ ያመልጠዋል። በየዓመቱ የሚደገመው ለዚህ ነው፤ የአሜሪካ መመሪያ ከ2021 ጀምሮ መነሻ ዕድሜውን 45 አድርጓል። ሰገራው ላይ ደም የሚያይ፣ ያለምክንያት የከሳ፣ ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ በዚህ ካንሰር የታመመ ሰው ግን በFIT ምርመራ አይጀምርም፤ ቀጥታ ሐኪም ጋ ሄዶ ስለ ኮሎኖስኮፒ ይነጋገር።

ፖዘቲቭ ሲወጣ «አሜባ ነው፣ ኪንታሮት ነው» ብሎ ኔጋቲቭ እስኪመጣ ማስደጋገም ትልቁ ስህተት ነው። አብዛኛው ፖዘቲቭ ካንሰር አይደለም፤ አሜባውም ይታከም። ኮሎኖስኮፒው ግን አይቀርም።